ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው ሳጥን

የአባቴ ሳጥን ሪሞቱን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለው በኅዳር ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ እናቴ ዓሣ ስትጠብስ ነው። ቀኑን የያዝኩት ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። የዓሣ መኪናው መንገዳችን ላይ የሚቆመው ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሆነ፣ የዚያን ቀን ቤቱ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። እስከ ዛሬ የሚጠበስ ዓሣ ከሸተተኝ አንድ ነገር የተበላሸ ይመስለኛል።

አባቴ ቶርኪል መስኮቱ አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ ነበር። ነበር ስል ከመስከረም ጀምሮ ማለቴ ነው። በመስከረም ወተት የሚያመላልስበትን መኪና መንገድ ዳር አቁሞ ሆስፒታል ገባ። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነሳው ለመብላት፣ ለመተኛትና ንጉሥም በእግሩ ለሚሄድበት ጉዳይ ብቻ ሆነ። ለእኔ የተነገረኝ “አባትሽ ደክሞታል” የሚል ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደክሞኛል ብዬ ከሂሳብ ክፍለ ጊዜ ለመቅረት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ፣ እውነቱን ለመናገር በአባቴ ትንሽ ቀናሁ።

“ልብ” የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ ያነሳ ሰው አልነበረም። የእኛ አገር፣ የዩትላንድ ሰው ስለ ነፋስ፣ ስለ ድንችና ስለ ጎረቤቱ አጥር ሲያወራ ቢውል አይሰለቸውም፤ ስለ ደረቱ ሲጠየቅ ግን “አይከፋም” ብሎ ይዘጋዋል። ደህና ሲሆንም አይከፋም ነው፣ ሊሞት ሲልም አይከፋም ነው። የሚለየው ቃናው ነው። እኔ ደግሞ ቃናውን ገና አልተማርኩም ነበር።

ሳጥኑ ፕሪአምፕሊፋየር የሚሉት ዕቃ ነው። ከራዲዮውና ከሸክላ ማጫወቻው የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አስተካክሎ፣ ልኩን ወስኖ ወደ ትልቁ ማጉያ ይልካል። “ማጉያው ጡንቻ ነው፣ አንጎሉ ይሄ ነው” ይል ነበር አባቴ። ፊቱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስታወት ነው፤ መሃሉ ላይ ቡጢ የሚያህል የድምፅ ማዞሪያ አለው። ሪሞቱን ሲጫኑት ማዞሪያው ማንም ሳይነካው በራሱ ዝግ ብሎ ይዞራል። እኔ ከመወለዴ አራት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማችን ፋብሪካ ነው የተሠራው። ጓደኞቼ ቤት ሲዲ የሚውጡ ብርማ ነገሮች ገብተው ነበር፤ እኛ ግን ፋብሪካው የሠራውን መጣል የገዛ አክስትን በር ላይ እንደማስቀመጥ እናየው ነበር። ከየቤቱ አንድ ሰው እዚያ ሠርቷል። እናቴ ቦዲል እንኳ እኔን እስክትወልድ ድረስ አሥራ አንድ ዓመት መስታወት ክፍል ቆማ ውላለች። የተበላሸ ዕቃ ተሸክሞ ሱቅ መግባትም ነውር ነው፤ ሰው በመስኮት ያያል። ዕቃ የሚጠገነው ቤት ውስጥ ነው፣ የፈጀውን ጊዜ ይፍጅ።

አባቴ ሪሞቱን ቀሰረና ተጫነ። ራዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ስለ ባሕር ነፋስ ማውራቱን ቀጠለ። ክንዱን ዘርግቶ ደገመው። ከዚያ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ሪሞቱን ወዲህ ወዲያ አወናጨፈው።

“ቦዲል፣ ሳጥኑ አልሰማኝ አለ።”

“ማን ሰምቶህ ያውቃል?” አለች እናቴ ከወጥ ቤት። “ተነስና በእጅህ አዙረው።”

“ሪሞት ያለው ሰው በእጁ ያዞራል?”

“ድንጋዩ አልቆ ይሆናል።”

“ባለፈው ሳምንት ነው የቀየርኩት።”

“እንግዲያው እግር አለህ።”

ተነሳ። ከወንበሩ እስከ መደርደሪያው ስምንት እርምጃ ነው፤ በእሱ ስምንት፣ በእኔ አሥራ አንድ። ቀንሶ ተመልሶ ተቀመጠ። የባሕሩ ነፋስ አልቆ መለከት ሲጀምር ድምፁ አነሰውና እንደገና ተነሳ። አባቴ በድምፅ ነገር ክፉኛ መራጭ ነው፤ ለዜና አንድ ልክ፣ ለመለከት ሌላ ልክ፣ ለአየር ትንበያ ደግሞ ሌላ። ያን ምሽት አሥራ ሰባት ጊዜ ተነሳ። እኔ እቆጥር ነበር። በኋላ እንደደረስኩበት እናቴም ወጥ ቤት ሆና ትቆጥር ኖሯል።

ሐሙስ ሆልገር መጣ። ሆልገር ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ይኖራል፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ፋብሪካው ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የጥገና ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው። የእንጨት ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ አንዱ በሰማያዊ ሌላው በግራጫ ክር በተጣፈ ካልሲ ገባ። ካቻቢቴዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ነው የሚይዛቸው፤ ከትንሽ እስከ ትልቅ፣ እንደ ቤተሰብ ፎቶ የተደረደሩ። ቡናው እስኪጠጣና ኬኩ እስኪበላ ዕቃ አይነካም። ሌላ ክፍያም አይቀበልም።

መጀመሪያ የኪስ ራዲዮ አወጣና ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቆመው። ሪሞቱን አስጠግቶ ሲጫን ራዲዮው እንደ ፌንጣ ጥርርር አለ።

“ሪሞቱ ይናገራል” አለ። “በሽተኛው ሳጥኑ ነው።” ወደ እኔ ዞረ። “ሪሞት የሚናገረው በማይታይ ብርሃን ነው፣ ዶርተ። ሳጥኑ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ ምስር የምታህል ዓይን አለችው። የሚሰማው በዓይኑ ነው።”

“እንደ ባል” አለች እናቴ ከበሩ።

“ባል በዓይኑም አይሰማም” አለ ሆልገር። ባትሪውን አብርቶ ተንበረከከና አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያሳርፍ ምንም አልቀረው። ከግራ ወደ ቀኝ አየ፤ ተመለሰ። የታችኛው ግራ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገው። ከዚያ ቀና ብሎ አየ፤ ያየው አባቴን ሳይሆን እናቴን ነው። እናቴ የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ አልተንቀሳቀሰችም። እንቁላል ለመላጥ የሚበቃ ጊዜ ተያዩ።

“ምን አገኘህ?” አለ አባቴ ከወንበሩ።

ሆልገር ባትሪውን አጠፋ። “ቀላል አይደለም” አለ። “ጊዜ ይፈጃል።”

ሲወጣ እናቴ ሸኘችው። እኔ ኮሪደሩ ውስጥ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ሥር ቁጭ ብዬ የቦት ጫማዬን ክር እፈታ ነበር፤ አላዩኝም።

“እስከ መቼ?” አለ ሆልገር ዝቅ ባለ ድምፅ።

“እስከ ፋሲካ።”

“እኔ መዋሸት አልችልበትም፣ ቦዲል። ቶርኪል ጓደኛዬ ነው።”

“ማን ዋሽ አለህ? ሐሙስ ሐሙስ ና፤ ቀስ ብለህ ሥራ። ከፋሲካ ወዲያ ያለውን እኔ እወጣዋለሁ።”

“ቢያውቅስ?”

“እሱ ምን ያያል?” አለች እናቴ።  ሆልገር ክንዷን መታ መታ አደረገና ወጣ።

ይህንን ሌላ ልጅ ቢሰማው ምናልባት ዝም ብሎ ክሩን ይፈታ ነበር። እኔ ግን ሎነ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። የሎነ እናት መኪና መንዳት ለመማር ስድስት ወር ሐሙስ ሐሙስ ስትመላለስ ቆይታ፣ በመጨረሻ መንጃ ፈቃዱንም አስተማሪውንም ይዛ ሄደች። ሎነ ከዚያ በኋላ ሁለት ቤትና ሁለት የጥርስ ብሩሽ ነበራት። ስለዚህ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ፋሲካ ላይ እናቴ ከሆልገር ጋር ልትሄድ ነው፤ እስከዚያ መገናኛቸው ሳጥኑ ነው። ሳጥኑ ከዳነ ሆልገር የሚመጣበት ሰበብ አይኖርም። የሆልገር አፍንጫ ፀጉር እንዳወጣ፣ ሲቀመጥም ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት እንደሚንቋቋ አይቻለሁ። ግን የሎነ እናት አስተማሪም መላጣ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ቆቅ ሆንኩ።

በታኅሣሥ ሆልገር ሻማዎቹን ጠረጠረ። ያኔ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይጨልማል፤ እናቴም እንደማንኛውም ሰው በየመስኮቱና በየጠረጴዛው ሻማ ታበራለች። “ነበልባል ራሱ የማይታይ ብርሃን ይረጫል” አለ ሆልገር፤ ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ አረጋግጫለሁ። “ዓይኑን እያጭበረበረው ይሆናል። ቶርኪል፣ አንተ ተነስና አንድ በአንድ አጥፋ። አንዱን ባጠፋህ ቁጥር እንሞክራለን።”

“ሁሉንም ባንዴ እፍ ብንልስ?” አለ አባቴ።

“የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?”

 አባቴ ተነሳ። አሥራ አራት ሻማ ነበር። አንዱን አጥፍቶ ወንበሩ ጋ ይመለሳል፣ ሪሞቱን ይጫናል፣ ሳጥኑ ዝም ይላል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሆልገር ወለሉ ላይ ተንበርክኮ በከባድ ፊት “ቀጥል” ይላል። አሥራ አራተኛው ሲጠፋ ሁላችንም ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ የሻማ ጭስ እያሸተትን ቀረን። በዚያ ጨለማ እናቴ ስትስቅ ሰማሁ። እፍን አድርጋ፣ በአፍንጫዋ፣ እንደ ልጃገረድ።

አልጋዬ ላይ ሆኜ በዚያ ሳቅ አለቀስኩ። ዛሬ ሳሰላው እናቴ ከመስከረም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ቀን ነው። የሳቀችውም፣ ራሷ እንደነገረችኝ፣ አባቴ ካልሲውን እየጎተተ እፍ እፍ ሲል ልደቱን ለማክበር ተገዶ የተጎተተ በሬ ስለመሰላት ነው።

በጥር ደግሞ ሳጥኑ በእጅ ጋሪ ተጭኖ ወደ ሆልገር መሥሪያ ክፍል ሄደ። ይሄ በቂ እንደማይሆን ሆልገር አስታወቀ። “ባለቤቱም ይመጣል። ሪሞቱን የለመደው እጅ መጫን አለበት።”

“እጅ እጅ ነው” አለ አባቴ።

“ሠላሳ አንድ ዓመት አይቻለሁ፣ ቶርኪል። እጅ እጅ አይደለም።”

አባቴ ካፖርቱን ለበሰ። ሦስት ቤት ነው መንገዱ፤ ነፋሱ ግን ከፊዮርዱ፣ ወደ ከተማችን ከሚገባው የባሕር ክንድ፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው አጥር ጋ ሲደርስ ቆሞ እጁን አጥሩ ላይ አሳረፈ። ሆልገር ጋሪውን አቁሞ የሰማዩን ደመና በጥሞና ማጥናት ጀመረ። እናቴ መስኮቱ ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች፤ ትንፋሿ መስታወቱን ጉም አልብሶታል። እኔ ከጎኗ ቆሜ የምታየውን አየሁ፤ ሰማይ የሚያይ ሆልገር። ይኼን ያህል ትወደዋለች ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ።

የምታየው የአባቴን እግር ነበር። እንደገና መራመድ ሲጀምር ያወጣችው ትንፋሽ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ያኔ የናፍቆት መስሎኝ ነበር።

የማያዳግም ማስረጃ ያገኘሁት ግን ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ከአንሶላዎቹ ጀርባ አዲስ የወንድ ጫማ ተደብቆ ነበር፤ ሶሉ ወፍራም፣ ክሩ ቀይ፣ የረጅም መንገድ ጫማ። አባቴ ረጅም መንገድ አይሄድም። ሐሙስ ጠብቄ የሆልገርን የእንጨት ጫማ ከበሩ ላይ አንስቼ ለካሁት። ልክክ አለ። በከተማችን የግማሹ ወንድ እግር አርባ ሦስት ቁጥር መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

የካቲት ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ውርጩ ሰማዩን አጽድቶት ፀሐይ ዝቅ ብላ እስከ መደርደሪያው ገባች። ሳጥኑ ወደ ቦታው ተመልሷል። እናቴ ገበያ ሄዳለች፤ አባቴ ወንበሩ ላይ ጋዜጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ያንጎላጃል። እኔ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ መስታወቱን ሳይ፣ ፀሐይዋ በሁሉም ቦታ ስታብረቀርቅ የታችኛው ግራ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ አላብረቀረቀም። ጠጋ አልኩ። በጥፍሬ ጫርኩት። ኤሌክትሪከኞች ሽቦ የሚጠቀልሉበት ጥቁር ናስትሮ ነው፤ አራት ማዕዘን ተቆርጦ ዓይኗ ላይ ተለጥፏል።

ነቀልኩት። ሪሞቱን ከአባቴ ጭን ላይ አንስቼ ተጫንኩ። ማዞሪያው ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ትንሽ አቅማማና ዞረ። መለከቱ ቤቱን ሞላው።

አባቴ ጋዜጣውን ከፊቱ አወረደ። ማዞሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጣቴ ላይ የተጣበቀውን ናስትሮ አየ። የጠበቅኩት ብድግ ብሎ እንዲያቅፈኝ ነበር። እሱ ግን ውድ ዕቃ እንደሰበርኩበት ዓይነት ነው ያየኝ።

“ሠራሁት፣ አባዬ።”

“አያለሁ” አለ። “አይከፋም” ብሎ ጨመረበት።

እናቴ ስትገባ ማዞሪያውን በሪሞት ወደ ላይም ወደ ታችም እየነዳሁ አሳየኋት። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። “የት ነው የነቀልሽው... ማለቴ፣ ምኑ ነበር?” አለች። ናስትሮውን አድበልብዬ ምድጃ ውስጥ እንደጣልኩት ነገርኳት።  ያን ቀን ድንቹን ስትልጥ ልጣጩ ከድንቹ ወፈረ። እኔ ደግሞ ያዘነችው ለሆልገር ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ክፉ ደስታ ነበር።

እሑድ አባቴ ቀኑን ሙሉ ሪሞቱን በደረቱ ላይ አስቀምጦ ዋለ። ለዜና በጣቱ፣ ለመለከት በጣቱ። ከገበታ ሌላ ሁለት ጊዜ ብቻ ተነሳ፤ ሁለቱንም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናቴ በበሩ ባለፈች ቁጥር ታየው ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሳጥኑ ደንቁሯል።

ወለሉ ላይ ተኝቼ አየሁት። አዲስ ናስትሮ። ይሄኛው ጥግ ጥጉ በመቀስ ክብ ተደርጎ የተስተካከለ፣ የሠለጠነ እጅ ሥራ። የማን እጅ እንደሆነ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

ሐሙስ ድረስ ጠበቅኩ። ቡናው ተቀድቶ፣ ሆልገር ሁለተኛውን ኬክ አንስቶ፣ ስለ ፊዮርዱ በረዶ እየተወራ ሳለ፣ “ሆልገር ነው” አልኩ።

“ምኑ?” አለ አባቴ።

“ናስትሮውን የሚለጥፈው። ሳጥኑ ጤነኛ ነው። ቅዳሜ ስነቅለው ሠርቷል፤ ተደብቆ ገብቶ መልሶ ለጠፈው። እንዲድን አይፈልግም። ፋሲካ ላይ እማዬን ይዟት ሊሄድ ነው። ጫማም ተገዝቶለታል፤ ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ለክቼዋለሁ።”

 ኬኩ በሆልገርና በሰሃኑ መካከል አየር ላይ ቀረ። ጆሮው ከሥሩ ጀምሮ ቀላ።

“እኔ?” አለ። “ወዴት ነው የምወስዳት?”

አባቴ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንገቱን ደፋ፣ እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። እናቴ ስትነሳ ሲኒው ተገለበጠ፤ ቡናው ጠረጴዛ ልብሱ ላይ እየፈሰሰ ማንም አላየውም። ጎኑ ደርሳ ትከሻውን ያዘች።

“ቶርኪል። ቶርኪል፣ እየኝ።”

“ተይኝ” አለ አባቴ እንባው እየወረደ። “ሳቅ ነው።”

እስኪያልቅለት ድረስ ግን እጇን አላነሳችም። ዓይኑን በመሐረብ ጠረገና፣ “ሆልገር አይደለም” አለኝ። “ሰኞ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።”

“አንተ?” አለች እናቴ።

“ልጅቷ ነቅላው ነበራ። ጥጉንም አስተካክዬዋለሁ። የበፊቱ ጠማማ ነበር።”

“ጠማማ አልነበረም” አለች እናቴ። “ፋብሪካው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ዓይን መስታወት ላይ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።”

እንዲህ ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች። ጊዜው አልፏል።

“ትንሽ ጠማማ ነበር” አለ አባቴ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?”

“ከረቡዕ።”

“ከየትኛው ረቡዕ?”

“ከመጀመሪያው። ማክሰኞ ለጠፍሽው፣ ረቡዕ ማዞሪያውን ላዞር ስነሳ አየሁት።”

ሆልገር ኬኩን ወደ ሰሃኑ መለሰው። “እኔስ? በዚህ ጉልበቴ ሦስት ወር ሙሉ ስንበረከክ? ሻማውስ?”

“ሻማው ጥሩ ነበር” አለ አባቴ። “አሥራ አራት ባይሆን ደግሞ የተሻለ ነበር።”

“እንግዲህ ሥራዬ አለቀ በሉኛ።”

“ማን አለ? ስፒከሮቹ ገና አልታዩም።”

እናቴ የፈሰሰውን ቡና በፎጣ መጥረግ ጀመረች። የደረቀውን ቦታ ጭምር ረጅም ጊዜ ጠረገችው። ሆልገር ኬኩን አነሳ። ስለ ፊዮርዱ በረዶ ካቆሙበት ቀጠሉ።

ለእኔ ያብራራልኝ የለም። ስለዚህ በራሴ ተረዳሁት፤ አባቴ ሁሉን ያውቃል፣ ግን ሆደ ሰፊ ስለሆነ ችሎ ዝም ብሏል። ጭራሽ ስፒከር ጨመረለት። አዘንኩለት። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከአባቴ በቀር የትም አላየሁም ብዬ ለሎነ ነገርኳት፤ ሎነም አባቷ መጀመሪያ እንደዚያው እንደነበር ነገረችኝ።

የፋሲካ ዕለት እናቴ ከቁምሳጥኑ ጫማውን አወጣችና አባቴ ወንበር ሥር አኖረችው። “ሆልገር በር ላይ ነው” አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። አባቴ ቀዩን ክር አሰረ። ሦስቱ ወጡ። እኔም ቦርሳዬን አንግቤ ከኋላ ተከተልኩ፤ ቦርሳው ውስጥ የሌሊት ልብሴና ሁለት የጥርስ ብሩሽ ነበር። ለማንኛውም ብዬ ነው።

እስከ ፊዮርዱ አንድ ኪሎ ሜትር ከግማሽ ነው። አባቴ ሦስት ጊዜ ቆመ፤ በቆመ ቁጥር ሆልገር ሰማይ አየ። ውሃው ጋ ስንደርስ ማንም የትም አልሄደም። ቆሙ። ነፋስ ነበር። እናቴ እጇን በአባቴ ካፖርት ኪስ ውስጥ ከተተች፤ እዚያ ውስጥ የእሱም እጅ ነበር።

“እንዴት ነው?” አለ ሆልገር።

አባቴ ውሃውን አየ፣ የመጣበትን መንገድ ዞሮ አየ። “አይከፋም” አለ።

ቃናውን የተማርኩት ያን ቀን ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀኝ ስላልነበረ ብሩሾቹን ይዤ ተመለስኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። ካረጀ በኋላ ናስትሮውን ለምን መልሶ እንደለጠፈው ጠይቄው ነበር። “ለልቤ ብዬ ስራመድ ልቤን ነው የምሰማው፣ እፈራለሁ” አለኝ። “ድምፅ ለመቀነስ ስነሳ ግን የምሰማው መለከቱን ነበር።” ከዚህ የረዘመ ነገር ስለ ደረቱ ሲናገር አልሰማሁትም። ሆልገር ከእሱ ቀድሞ ሄደ፤ ካቻቢቴዎቹን ከነጨርቃቸው ለእኔ ተናዘዘልኝ። ቂም አልያዘም ማለት ነው።

ሳጥኑም አሁን እኔ ቤት ነው። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሪሞቱን ሲጫኑት እንደ ልጅ ይታዘዛል። ወይም እስከ ባለፈው እሑድ ይታዘዝ ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ቀን ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፣ ማታ ቁጭ ብዬ አርፋለሁ። በቅርቡ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የደም ግፊቴን ተለካሁ። የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለእናቴ፣ በስልክ። “እንዴት ነው?” ብትለኝ “አይከፋም” አልኳት። እሑድ ለቡና እንደምትመጣ ነገረችኝ።

መጣች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከአውቶቡስ ወርዳ በእግሯ ነው የመጣችው። ኬክ ይዛ ነበር። መደርደሪያሽ አቧራ ይዟል አለችና እኔ ቡና ሳፈላ ልወልውለው ብላ ተነሳች።

ሰኞ ማታ ልጄ ኤስተር ሪሞቱን ስታወናጭፍ አገኘኋት። “እማዬ፣ ይሄ አሮጌ ነገር ሞተ። አይሰማም።”

መነጽሬን አድርጌ ተንበረከክሁ። የእኔም ጉልበት መንቋቋት ጀምሯል። የታችኛውን ግራ ጥግ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት።

“ምን አገኘሽ?” አለች ኤስተር ከወንበሩ።

“ቀላል አይደለም” አልኳት። “ጊዜ ይፈጃል።”

ድምፁን በእጄ ቀነስኩና ከመነሳቴ በፊት አንድ ጊዜ አጎንብሼ የናስትሮውን አራቱንም ጠርዝ አየሁ። አባቴ ተሳስቷል። ጭራሽ ጠማማ አልነበረም።